በማኅበራችሁ ስም የሚላከውን ሐሰተኛ ኢሜይል ስለ ማስቆም

የይለፍ ቃላችሁን ብትቀይሩም በቡና አቅራቢዎች ማኅበራችሁ ስም ለደንበኞቻችሁ የሚደርሰው ሐሰተኛ ኢሜይል ያልቆመው፣ ላኪዎቹ ወደ መልእክት ሳጥናችሁ መግባት ሳያስፈልጋቸው የእናንተን አድራሻ በላኪው መስመር ላይ መጻፍ ስለሚችሉ ነው።

መፍትሔው የዶሜይናችሁ (በኢሜይል አድራሻችሁ ላይ ከ@ በኋላ ያለው ስም) ዲኤንኤስ ቅንብር ውስጥ ይገኛል፤ ዲኤንኤስ (DNS) ስለ ዶሜይናችሁ ሌሎች ሰርቨሮች የሚያነቡት መዝገብ ነው።

1. የኤስፒኤፍ (SPF) መዝገብ አስገቡ፤ በስማችሁ መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል።
2. ዲኪምን (DKIM) አብሩ፤ በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ዲጂታል ፊርማ ያኖራል።
3. ዲማርክን (DMARC) ጨምሩ። ዋናው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የፊተኞቹ ሁለቱ ያረጋገጡት ዶሜይን ተቀባዩ ከሚያየው የላኪ አድራሻ ጋር መስማማቱን የሚያስመረምረው፣ ካልተስማማም መልእክቱ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ ለተቀባዩ ሰርቨር የሚነግረው ዲማርክ ነው።

ዲማርክን ግን በቀጥታ «ውድቅ አድርግ» ላይ አታስቀምጡት። እዚህ ጅማ የረዳሁት አንድ ድርጅት እንደዚያ በማድረጉ፣ ከሒሳብ ፕሮግራሙ በቀጥታ ይላኩ የነበሩት ደረሰኞች ለገዢዎች ሳይደርሱ ቀሩ፤ ፕሮግራሙ በኤስፒኤፍ መዝገቡ ውስጥ አልተካተተም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ክትትል ብቻ በሚያደርገው ደረጃ ጀምሩ፤ የሚላክላችሁን ሪፖርት እያያችሁ በስማችሁ የሚልከውን ሕጋዊ አገልግሎት ሁሉ ለይታችሁ አስገቡ፤ ከዚያ ወደ «አጠራጣሪ» አቃፊ የሚልከውን፣ በመጨረሻም ውድቅ የሚያደርገውን ምረጡ። ኤስፒኤፍ ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ፍለጋ ስለማይፈቅድ፣ የምታስገቡት አገልግሎትም ፍለጋውን ሊያበዛው ስለሚችል፣ የማትጠቀሙበትን አገልግሎት ከመዝገቡ አውጡ።

ይህ ሁሉ አንድ ፊደል ብቻ ቀይሮ የእናንተን የሚመስል ዶሜይን የሚያስመዘግበውን አጭበርባሪ አያግደውም። ስለዚህ የባንክ ሒሳብ ቁጥር መቀየሩን የሚገልጽ ኢሜይል ሲደርሳቸው፣ ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ቀድሞ በሚያውቁት ስልክ ደውለው እንዲያረጋግጡ ለገዢዎቻችሁ ዛሬውኑ አሳውቁ።