ፉርሽካውን ለላም፣ ነጩን ለልጆች

ውድ ወጣቶች፣

ሐዋሳ ውስጥ በጤና ሙያ ከ30 ዓመት በላይ ስሠራ ስለ አመጋገብ ብዙ ሰው መክሬያለሁ፤ የራሴን ጓዳ ግን ዘግይቼ ነው የመረመርኩት። አንድ ቀን ለላሜ ፉርሽካ፣ ለቤቴ ደግሞ ነጭ የፉርኖ ዱቄት ገዝቼ ሁለቱን ጆንያ በአንድ ባጃጅ ጭኜ ስመለስ፣ ከዚያው ከስንዴው አሰሩን ለከብት፣ የቀረውን ለልጆቼ እየለየሁ መሆኔን አስተዋልኩ።

አሰር የምንለው ትንሹ አንጀት ሊፈጨው የማይችለውን የእህል፣ የጥራጥሬ፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ክፍል ነው። ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ሲደርስ፣ በዚያ የሚኖሩት በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች አብዛኛውን እንደ ሊጥ ያብላሉትና ቡቲሬትን የመሳሰሉ አሲዶች ያወጡበታል። ቡቲሬት የአንጀቱን የውስጥ ግድግዳ ሕዋሳት ይመግባል፤ አሲዶቹ በጠቅላላ ደግሞ የጥጋብን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሱ ሆርሞኖች እንዲመነጩ ያግዛሉ። በአይጦች ላይ በተደረገ ምርምር፣ አሰር የተነፈጉት ባክቴሪያዎች የአንጀትን ግድግዳ የሚጠብቀውን ንፍጥ መሰል ሽፋን ወደ መብላት ዞረዋል፤ ይህን ባነበብኩ ጊዜ በጣም ነው የደነገጥኩት። የፉርሽካ አሰር ይበልጥ የሚጠቅመው ሰገራን ለማለስለስ ሲሆን፣ ለባክቴሪያዎቹ የተሻለ የሚስማማቸው የጥራጥሬና የአጃ አሰር ነው።

ውፍረት በአሰር እጥረት ብቻ ይመጣል አልልም፤ እንቅልፍም፣ እንቅስቃሴም፣ ስኳርም ድርሻ አላቸው። ሆኖም ጠዋት በቦምቦሊኖና በሻይ የጀመረ ሰው ረፋዱ ላይ መልሶ የሚርበው፣ ቅንጬ ወይም ፉል የበላው ግን እስከ ምሳ የሚቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል፤ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር ብቻውን ወደ 8 ግራም ይይዛል። ቦሎቄው፣ ጎመኑ፣ የገብስ ቆሎው በየገበያችን አለ። አቮካዶውንም ጁስ ቤት በስኳር አስመትታችሁ ከምትጠጡት በማንኪያ ብሉት።

ነገር ግን ሁሉን በአንድ ጊዜ አትለውጡ። ጥራጥሬ ያልለመደ ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል፤ ይህ የሚሆነው ባክቴሪያዎቹ ሲያብላሉ ጋዝ ስለሚያወጡ ነው። መጠኑን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ፣ ውሃም በደንብ ጠጡ። ሕመሙ ከበረታ ወይም በሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ ግን፣ የምግብ ለውጥ ነው ብላችሁ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ።