ክፋት ባለበት ዓለም በእግዚአብሔር ማመን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ሁሉን ቻይና ፍጹም መልካም ነው እያሉ ክፋት መኖሩንም መቀበል እርስ በርሱ አይጋጭም?

መልስ፦ ፈላስፋው ጆን ማኪ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ ይጋጫል ብሎ ተሟግቷል። አሜሪካዊው ፈላስፋ አልቪን ፕላንቲንጋ ግን በ1970ዎቹ ሲመልስ፣ ነጻ ፍጡር መልካሙን ብቻ እንዲመርጥ ቢገደድ ነጻነቱ ስለሚቀር፣ ሁሉን ቻይ አምላክም እንኳ ነጻ ፈቃድን ሰጥቶ ክፋትን ፈጽሞ ላያስቀር ይችላል አለ። ይህ መልስ የግጭቱን ክስ ያስቀራል ብዬ አምናለሁ፤ የእግዚአብሔርን መኖር ግን አያረጋግጥም።

ጥያቄ፦ የመሬት መንቀጥቀጥስ የማን ነጻ ፈቃድ ነው?

መልስ፦ ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1755 የፖርቱጋልን ዋና ከተማ ሊዝበንን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ የደረሰው በቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት፣ ብዙ ምእመናን በየቤተ ክርስቲያኑ በተሰበሰቡበት ሰዓት ነበር፤ ዓለማችን ሊኖሩ ከሚችሉት ዓለማት ሁሉ የተሻለች ናት የሚለውን የጀርመናዊውን ፈላስፋ የላይብኒዝን ትምህርት ፈረንሳዊው ደራሲ ቮልቴር አምርሮ የተቃወመውም ከዚህ በኋላ ነው። ሰው አስቦና አቅዶ እንዲኖር ተፈጥሮ በጸና ሕግ መመራት አለባት፣ ያው ሕግ ደግሞ አንዳንዴ ይጎዳል የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው። ነገር ግን የሚያስረዳው ሕግ ለምን እንደሚያስፈልግ እንጂ ይህ ሕፃን በዚህ ፍርስራሽ ሥር ለምን እንደቀረ አይደለም፤ ልጇን ለቀበረች እናት «ለበጎ ነው» ማለትም ጭካኔ ነው።

ጥያቄ፦ ሳይንስ ያልደረሰበትን ሁሉ የእግዚአብሔር ሥራ ብንለውስ?

መልስ፦ አይበጅም። በናዚዎች የታሰረው ጀርመናዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ዲትሪኽ ቦንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1944 ከእስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ እንዳስጠነቀቀው፣ እንዲህ ያለው አምላክ እውቀት በሰፋ ቁጥር እያፈገፈገ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ታዲያ «ምክንያቱ ከእኛ የተሰወረ ነው» ማለት ማምለጫ አይደለም?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ለመከራ የሚሆን ምክንያት ለእኛ አለመታየቱ ምክንያት የለም ለማለት አያበቃም፤ በዚህና ምንም ነገር ባለመኖር ፈንታ ዓለም መኖሯ በሚያስነሳው ጥያቄ ተደግፌ ማመንን ምክንያታዊ እለዋለሁ፣ ማመን ያቃተውንም ሞኝ አልለውም። ሆኖም የእግዚአብሔር አሳብ አይመረመርም ያለ ሰው የጎረቤቱ ሕመም የኃጢአት ቅጣት ነው ብሎ መፍረድ አይችልም። የኢዮብ ወዳጆች ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣውም አምርሮ በጠየቀው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው።