ገጠር ለተመደባችሁ መምህራን፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

መልስ የሚሰጡት በጅማ ዞን የገጠር ቀበሌዎች የታችኛውን ክፍል ሲያስተምሩ የኖሩ መምህርት ናቸው። ጠያቂዎቹ አዲስ ተመዳቢዎች ናቸው። ነባር መምህራንም በመሃል ገብተዋል።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ እንደምን ከረሙ? ገጠር ማስተማር እንዴት ነው?

መልስ፦ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። የት ነው የተመደብከው ግን? ዴዶ ደጋው ላይ ያለ ትምህርት ቤትና ሊሙ ቡና ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት አንድ አይደሉም። ወረዳህንና የምታስተምረውን ክፍል ንገረኝ፣ ከዚያ እመልስልሃለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ጎማ ነኝ፣ 2ኛ ክፍል። ነባሮቹ «ጥቅምት ይግባ፣ ክፍልህ ባዶ ይሆናል» ይሉኛል። እውነት ነው? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ልጆቹ ቡና ለቀማ ይወጣሉ። ይሄ ጥያቄ እንዲመጣ ስጠብቅ ነበር።

ቡና በአንድ ቀን አይቀላም። ዝቅ ያለው ቦታ ቀድሞ ይደርሳል፣ ከፍ ያለው እስከ ታኅሣሥ ይቆያል። አንዱ ዛፍ ራሱ ቀይ ቀዩ እየተመረጠ ሁለት ሦስቴ ይለቀማል። ስለዚህ ልጁ ሄዶ በዚያው አይቀርም። ሳምንት ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል። መፈልፈያ የሚገባው እሸት ቡና ደግሞ ማደር የለበትም፣ በተለቀመበት ቀን መድረስ አለበት። ከሰዓት ክፍሉ ይበልጥ የሚሳሳው ለዚህ ነው። ትንንሾቹ የታችኛውን ቅርንጫፍ ይለቅማሉ፣ መሬት የወደቀውን ያነሳሉ። ሴቶቹን ልጆች ለብቻ ተከታተሏቸው። እናት ቡና ውስጥ ስትውል ሕፃን መያዙም ውኃ መቅዳቱም በእነሱ ላይ ይወድቃል። ለቀማ ሳይሄዱ ከትምህርት ይቀራሉና ማንም አያስታውሳቸውም።

እኔ መስከረም ላይ ስም ስመዘግብ እጠይቃለሁ። የማን ቤት ቡና አለው? የማን ቤት ለሌላ ሰው በኪሎ ለመልቀም ይሄዳል? ቡና ያለው ቤት የራሱን ሲጨርስ ልጁን ይመልሳል። በኪሎ የሚለቅመው ግን ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እየተዛወረ ይቆያል። ይሄ ልጅ ነው በዋናነት የሚጠፋባችሁ።

ከባድ ከባዱን ለቀማው ሳይጠነክር አስተምራለሁ። ኅዳር ላይ ክለሳ አበዛለሁ፣ አዲስ ነገር በጠዋት ክፍለ ጊዜ ብቻ። የቀረ ልጅ ሲመጣ በሰው ፊት «የት ነበርክ?» አልለውም። ደህና ከሚያነብ ልጅ ጎን አስቀምጠዋለሁ። ፈተናው ጥር ላይ ነው። ለቀማው ጋብ እንዳለ ማካካሻ ካልሰጣችሁት ልጁ የማያውቀውን ጥያቄ አይቶ ይወጣል፣ ሁለተኛው መንፈቅ ላይም አታገኙትም።

አደራ የምላችሁ፦ ስሙን ከስም መጥሪያው አትሰርዙ። ቀሪ በሉት፣ ምክንያቱን ጻፉ፣ ግን አትሰርዙ። ስሙ የተሰረዘ ልጅ እፍረት ይዞት በር ላይ ቆሞ ይመለሳል።

ነባር መምህር (ዴዶ)፦ መምህርት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ማባበል ነው። ቀበሌው ወላጁን ይቅጣ። አንድ ሁለት ሰው ሲቀጣ ሌላው ይማራል።

ነባር መምህር (ማና)፦ ወንድሜ፣ አንተ ደጋ ላይ ሆነህ ነው የምትናገረው። እኔ ያደግኩት ቡና ለቅሜ ነው። የዓመቱ ልብስና ደብተር የሚገዛው በእነዚያ ሳምንታት ገንዘብ ነው። ቀዩ ቡና ዛፍ ላይ ደርቆ ቢረግፍ ማን ይከፍለዋል?

ነባር መምህር (ዴዶ)፦ ደብተር ገዝቶ ትምህርት ቤት ካልላከው ምን ዋጋ አለው? እኛም ጋ እኮ የአጨዳ ጊዜ አለ።

ነባር መምህር (ማና)፦ አጨዳው ስንት ቀን ነው? ቡና ወራት ነው። ገበሬው ገንዘብ ቢተርፈው የቀን ሠራተኛ ይቀጥር ነበር። ትርፉን ነጋዴው ነው የሚወስደው፤ ዘንድሮ እንኳን ዋጋው…

መልስ፦ ስለ ቡና ዋጋ ሌላ ቀን ተነጋገሩ። ስለ ቅጣቱ ያየሁትን ልንገራችሁ። የተቀጣ አባት ልጁን ለአንድ ሳምንት ይልካል። በሚቀጥለው ዓመት ግን ታናሽየውን አያስመዘግብም፤ ያልተመዘገበ ልጅ አያስቀጣማ። በጎ ያየሁት የወላጅ መምህር ኅብረቱ ከለቀማው በፊት ሲሰበሰብና «ቢያንስ ጠዋት ጠዋት ይምጡ» ተብሎ ሽማግሌዎች ባሉበት ሲስማማ ነው። ስብሰባው መስከረም ላይ ይሁን። ኅዳር ላይ ብትጠሩ ማንም አይመጣም።

ጥያቄ፦ ዝውውር ከስንት ዓመት በኋላ ነው የሚፈቀደው?

መልስ፦ መመሪያው ይቀያየራል። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደህ የዘንድሮውን ጠይቅ። የጠየቅከውን ሁሉ በጽሑፍ አስገባ፣ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመታ።

ጥያቄ፦ ደመወዝ በሰዓቱ ይገባል? የበረሃ አበልስ አለ?

መልስ፦ ይሄ የወረዳው ፋይናንስ ጉዳይ ነው። የምድብ ደብዳቤህን ቅጂ ያዝ። እዚያም በጽሑፍ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ እኔ አማርኛ ለማስተማር ነው የተመደብኩት፣ ሰቃ ጨቆርሳ። ኦሮምኛ አልችልም። እቸገራለሁ?

መልስ፦ አዎ፣ መጀመሪያ ላይ ትቸገሪያለሽ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በአንደኛ ደረጃ ትምህርቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። እዚህ ያ ማለት አፋን ኦሮሞ ነው። የመምህራን ስብሰባውም ቃለ ጉባኤውም በእሱ ነው። ልጆቹ አማርኛን የሚሰሙት ባንቺ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቤትም ገበያም አይሰሙትም። ስለዚህ አዲስ አበባ እንዳደገ ልጅ አድርገሽ አታስተምሪያቸው። ከመጻፍ በፊት አናግሪያቸው። ዕቃ አንሥተሽ አሳዪ፣ እያስደገምሽ ሂጂ። በላቲን ፊደል ማንበብ የቻለ ልጅ ድምፅን ከፊደል ማገናኘት ያውቃል፣ የግዕዙን ፊደል ከዚያ ተነሥተሽ አስተምሪው። ቋንቋውን ደግሞ ከልጆቹ ተማሪ። መምህራቸውን ሲያርሙ ደስ ይላቸዋል፣ አንቺንም ይለምዱሻል።

ጥያቄ፦ ሴት ብቻዬን ነኝ። ቤት የት ልከራይ?

መልስ፦ ቤተሰብ ያለበት ግቢ ውስጥ። ከትምህርት ቤቱ ትንሽ ቢርቅም ግድ የለም። ከሌላ መምህርት ጋር ብትጋሪ ይበልጥ ጥሩ። በጨለማ ብቻሽን አትሂጂ፤ ከተማ ወርደሽ የመልስ መኪና ካመለጠሽ እዚያው እደሪ። የሚያስቸግርሽ ሰው ካለ፣ ባልደረባም ቢሆን፣ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አሳውቂ። እሱ ራሱ ከሆነ ወደ ወረዳው ሂጂ። ዝም አትበዪ።

ጥያቄ፦ ወባ አለ?

መልስ፦ ጊቤና ጎጀብ አካባቢ፣ ሌላውም ቆላ ሁሉ አለ። ክረምቱ እንደወጣ ይብሳል። አጎበር ይዘህ ሂድ። ትኩሳት ከያዘህ ቶሎ ተመርመር።

ጥያቄ፦ ዝውውር ለመጠየቅ ስንት ዓመት መሥራት አለብን?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ የተጻፈውን አንብቡ፤ ገና ክፍል ሳትገቡ መውጫውን ሁለቴ ጠየቃችሁኝ።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቹ ሰነፎች ናቸው ይባላል። እንዴት ላተጋቸው?

መልስ፦ ማን ነው የሚለው? ልጁ ንጋት ላይ ከብት አውጥቶ፣ ጭቃ ረግጦ፣ አንዳንዱም ቁርስ ሳይቀምስ ነው የሚመጣው። ያልገባውን ልጅ ሰነፍ አትበሉት። ምን እንዳልገባው ለይታችሁ ጠይቁኝ፣ ፊደል ነው? መደመር ነው? እንዲህ በደፈናው መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ጎማ ያለሁት ነኝ መምህርት፣ አንድ ልጨምር። ኅዳር ላይ አምስት ስድስት ልጅ ብቻ ቢመጣስ? ወደ ቤት ልልቀቃቸው?

መልስ፦ እንዳትለቃቸው! ዛሬ ከለቀቅካቸው ነገ እነሱም አይመጡም፤ ወላጁም «ትምህርት የለም» ብሎ ለቀማ ይወስዳቸዋል። ደግሞ ዕድል ነው። ክፍሉ ሙሉ ሲሆን እያንዳንዱን ልጅ ብቻውን ማስነበብ አትችልም። ያን ቀን ትችላለህ። አንድ በአንድ ወደ ጎንህ ጥራ፣ መጽሐፉን ስጠው፣ በጣቱ እያሳየ ያንብብልህ። አንዳንዱ በቃሉ ሸምድዶ ያነበበ ሲመስልህ ኖሯል፤ ገጹን ስትገልጥበት ያኔ ታውቃለህ። የት ላይ እንደቆመ ደብተርህ ላይ ጻፍ። ማካካሻው ሲጀመር ከዚያ ትነሣለህ። ስም መጥሪያውን ዕለቱን ሙላ፣ የቀሩትንም አትሰርዝ።