ኔትወርክ ሲቆረጥ ሲሚንቶው ሁለት ጊዜ እንዳይቀነስ

ጥያቄ፦ በጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ባለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መጋዘናችን አዘዞ ስለሆነ ክምችቱን በኤክሴል እየመዘገብን በቴሌግራም እንላላካለን፤ ማታ ላይ ግን የሱቁና የመጋዘኑ ቁጥር አይገጥምም። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ከጀመርኩ አምስት ወር ስለሆነኝ ሁለቱን የሚያገናኝ ዌብ ሰርቪስ (ፕሮግራሞች በኔትወርክ መረጃ የሚለዋወጡበት አገልግሎት) ራሴ ለመሥራት አስቤያለሁ። ጃቫ የተባለውን ሌላ ቋንቋ ካላወቅሽ ለድርጅት የሚሆን ነገር አትሠሪም የሚሉኝ አሉ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በፓይተን ይቀጥሉ። ጃቫ በትልልቅ ድርጅቶች ሥር የሰደደ ቢሆንም፣ ዌብ ሰርቪስን የሚጠራው ወገን በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ አያይም፤ የሚያየው በኤችቲቲፒ (ድረ ገጾች በሚገናኙበት ደንብ) የላከውን ጥያቄና፣ በአብዛኛው በጄሰን (መረጃ በጽሑፍ በሚቀመጥበት ቅርጽ) የሚመለስለትን መልስ ብቻ ነው። ኤክስኤምኤል በተባለ ሌላ የመረጃ ቅርጽ የሚሠራውን፣ ሶፕ የተባለውን የዌብ ሰርቪስ አሠራርም፣ ከሱ ሌላ ከማይቀበል ነባር ሥርዓት ጋር መገናኘት ግድ እስኪሆንብዎ ቢያቆዩት አይጎዱም፤ ለጊዜው ሮይ ፊልዲንግ በ2000 እ.ኤ.አ. በዶክትሬት ጽሑፉ የገለጸው፣ እያንዳንዱ ነገር የራሱ አድራሻ ኖሮት በተራ የኤችቲቲፒ ጥያቄ የሚሠራበት፣ ሬስት የሚባለው አሠራር ይበቃዎታል።

ጊዜዎን ሊወስድ የሚገባው ኔትወርክ ሲቆረጥ የሚሆነው ነገር ነው። ሱቁ 40 ኩንታል ሲሚንቶ ሸጠ እንበል። ሻጩ «መዝግብ» የሚለውን ሲጫን ጥያቄው ሰርቨሩ (ጥያቄውን ተቀብሎ የሚመልሰው ኮምፒዩተር) ዘንድ ደርሶ 40ው ይቀነሳል፤ ነገር ግን «ተመዝግቧል» የሚለው መልስ ሳይመጣ መስመሩ ይጠፋል። ሻጩ ስሕተት እንጂ ሌላ ስላላየ ደግሞ ይጫናል፤ 80 ኩንታል ይቀነሳል። (በሻጩ አይፍረዱ፤ እኔም ብሆን እጫነዋለሁ።) በኤችቲቲፒ ደንብ ፑት የተባለው ጥያቄ ቢደጋገም ውጤቱ አንድ ጊዜ እንደተላከ ነው፤ አዲስ ሽያጭ ብዙውን ጊዜ የሚመዘገብበት ፖስት ግን ይህን ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሽያጭ ገና ከሱቁ ሳይወጣ የማይደገም ቁጥር ይሰጠው፤ ሻጩ ደግሞ ሲጫን ያው ቁጥር ይላካል፤ መዝገቡ የሚቀመጥበት ዳታቤዝም አንድን ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይቀበል ሆኖ ከተሠራ፣ ሰርቨሩ ክምችቱን ሳይነካ የመጀመሪያውን መልስ መልሶ ይሰጣል። የቁጥሩ ምዝገባና የክምችቱ ቅነሳ የግድ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ (ወይ ሁለቱም እንዲፈጸሙ ወይ ሁለቱም እንዲቀሩ) ይሁኑ። ለመፈተን፣ ትራንዛክሽኑ ካለቀ በኋላ መልሱ ከመላኩ በፊት 30 ሰከንድ የሚያቆም መስመር ኮዱ ውስጥ ያስገቡ፤ በዚያ መሀል የስልክዎን ዳታ ያጥፉ፣ ከዚያም ከፍተው ያንኑ ሽያጭ በያው ቁጥር እንደገና ይላኩ፤ ክምችቱ አንድ ጊዜ ብቻ ከቀነሰ ሠርቷል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ፓይተን ላይ 0.1 + 0.2 ቢሉ 0.30000000000000004 ይመልስልዎታል፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ እንዴት እንደሚያስደነግጥ አልነግርዎትም። ብሩን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ያስቀምጡ፤ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲሰላም ማጠጋጋቱ በየዕቃው ይሁን በድምሩ ላይ አስቀድመው ይወስኑ። ቀኑን ደግሞ ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር ይያዙት፤ የፓይተን የቀን ዓይነት ጳጉሜን አያውቃትም፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለወጠው ለስክሪንና ለደረሰኝ ሲሆን ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ወር ሲሚንቶን ብቻ ይመዝግቡበት። ኤክሴሉንም ገና አይጣሉት፤ ማታ ማታ ሁለቱን ያመሳክሩ።