ከጥለቱ ወደ ነጩ የለቀቀ ቀለም፦ በቤት ስለተሰፋ የሐበሻ ቀሚስ ጥያቄና መልስ

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ለ22 ዓመታት ሠርቻለሁ። በየዓመቱ ከጥምቀት ማግሥት አንድ ዓይነት ጥያቄ ከየአቅጣጫው ስለሚደርሰኝ፣ ዛሬ በቤት ስለተሰፋ የሐበሻ ቀሚስና ወደ ነጩ ስለሚለቀቅ የጥለት ቀለም የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ግን ሦስት ነገሮችን አትተዉብኝ፤ ጥለቱ ከሸማው ጋር የተሸመነ ነው ወይስ በኋላ የተሰፋ፣ እድፉ ደርቋል ወይስ ገና እርጥብ ነው፣ እስካሁንስ ምን አስነካችሁት?

ጥያቄ (እናት፣ ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ ከሽሮ ሜዳ ሸማ ገዝቼ ለልጄ ቀሚስ በቤቴ ሰፋሁላት። ጥር 11 ቀን ጃንሜዳ ጸበል ሲረጭ ራሰችና የቀዩ ጥለት ቀለም እስከ ጉልበቷ ድረስ ነጩን አቀላው። ደክሞኝ ስለነበር ሳላጥበው አንጠልጥዬው አደረ፤ አሁን ደርቋል። ጥለቱ አብሮ የተሸመነ ነው፤ ምንም አላስነካሁትም። ተስፋ አለው?

መልስ፦ ተስፋ አለው፣ እህቴ፤ ምንም አለማስነካትሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በመጀመሪያ የሆነውን ልንገርሽ። ጥጥ በርካሽ የሚቀለመው ቀጥተኛ በሚባሉት ቀለሞች ነው፤ የእነርሱ የመጀመሪያው ኮንጎ ቀይ በ1884 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር የተገኘ ሲሆን፣ የዚህ ወገን ቀለሞች ከጥጡ ጋር የሚያያዙት በደካማ ኃይል ብቻ ስለሆነ ውሃና ሙቀት ባገኙ ቁጥር ይለቃሉ። በ1956 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረቡት ሪአክቲቭ ቀለሞች ግን ከጥጡ ጋር በኬሚካል ትስስር አንድ ስለሚሆኑ፣ ትርፋቸው በደንብ ታጥቦ ከወጣ በኋላ አይለቁም። ጥለትሽ በየትኛው እንደተቀለመ ሻጩ ላያውቅ ይችላል፤ ልብሱ ግን ራሱ ይነግርሻል። ነጭ የጥጥ ጨርቅ በሞቀ የሳሙና ውሃ አርሰሽ ጥለቱ ላይ ለ10 ደቂቃ ተጭነሽ ያዢ፤ ጨርቁ ከቀላ ጥለቱ ገና እየለቀቀ ነው ማለት ነው፣ ጥለቱ መልቀቁን ሳያቆም ነጩን ለማጽዳት መድከም ደግሞ በተሸነቆረ እንስራ ውሃ እንደመቅዳት ነው።

ስለዚህ ትልቅ ሳፋ ወይም የገላ መታጠቢያ ገንዳ አዘጋጂ፤ ቢያንስ 20 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሞልተሽ፣ በረኪና የሌለበት ፈሳሽ ሳሙና ጨምረሽ፣ ቀሚሱን ብቻውን ዘርግተሽ ዘፍዝፊው። ውሃው የሚበዛው በምክንያት ነው፤ የለቀቀው ቀለም በብዙ ውሃ ውስጥ ሲበተን ወደ ነጩ ክር የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል፣ በትንሽ ውሃ ከሆነ ግን ሳፋው ራሱ የማቅለሚያ ገንዳ ይሆናል። ውሃው በቀላ ቁጥር ድፊና በአዲስ ተኪው፤ አምስት ጊዜም ሰባት ጊዜም ቢሆን አትሰልቺ። ጥለቱ ያልኩሽን ፈተና ካለፈ በኋላ፣ ነጩ ላይ የቀረውን ቀላ ያለ ጥላ ለማስለቀቅ ሶዲየም ፐርካርቦኔት የተባለውን፣ በክሎሪን ሳይሆን በኦክስጅን የሚያነጣ ዱቄት፣ 40 ዲግሪ ያህል በሞቀ 4 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ሂሳብ አሟሟተሽ ዘፍዝፊበት፤ ጥለቱ እንዳይደበዝዝ በየግማሽ ሰዓቱ እያወጣሽ እዪው። ካልለቀቀ ድገሚው። እድፉ እስኪጠፋ ድረስ ግን ካውያ አታስነኪው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በረኪናን በውሃ አቅጥኜ ነጩን ብቻ ብቀባውስ?

መልስ፦ አይሆንም። በረኪና በእጅ የተፈተለውን ማግ ያደክማል፣ ጥለቱ ላይ ከተረጨም ቀለሙን ይበላዋል፤ የቀላውን ነጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫ ይለውጠዋል እንጂ አያነጣውም።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ የእኔ ገና እርጥብ ነው፣ ጥለቱም የተሸመነ ነው። ጨውና ኮምጣጤ ባለበት ውሃ ዘፍዝፌዋለሁ፤ ልክ ሠራሁ?

መልስ፦ ከዚያ ውሃ አሁኑኑ አውጪው። ይህን ጉዳይ በየጊዜው ስለምሰማው በዝርዝር ልመልስ። እኛ ፋብሪካ ውስጥ ጥጥ በቀጥተኛ ቀለም ስናቀልም ገንዳው ውስጥ ጨው የምንጨምረው ቀለሙ ከውሃው ተገፍቶ ወደ ክሩ እንዲገባ ነው፤ ስለዚህ የለቀቀ ቀለም በሚንሳፈፍበት ውሃ ላይ ጨው የጨመረ ሰው ቀለሙን ወደ ነጩ ክር እንዲገባ እየረዳው ነው። ኮምጣጤም ቢሆን ሱፍና ሐር በአሲድ ቀለም ሲቀለሙ ይጠቅማል እንጂ፣ የጥጥን ቀለም አያጸናም።

አስተያየት (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)፦ ይቅርታ ይደረግልኝና እናቴ ሁልጊዜ ነጠላዋን በጨው ውሃ ነበር የምታጥበው፤ አንድም ቀን ቀለም ለቆባት አያውቅም።

አስተያየት (ልብስ ሰፊ፣ ከአዳማ)፦ የእናትሽ ነጠላ ያልለቀቀው ጥለቱ ጽኑ ቀለም ስለነበረው ይሆናል። እኔ ባለፈው ዓመት ለደንበኛ የሰፋሁትን ቀሚስ በጨው ዘፍዝፌ ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆኖብኝ ከኪሴ ከፍያለሁ።

አስተያየት (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)፦ ያኔ ክሩም ሸማኔውም ሌላ ነበር፤ የዛሬው ጥለት ነው ጥፋተኛው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ከፊል እውነት አላችሁ። ጨዋማ ውሃ ቀለሙ ከጥለቱ የሚወጣበትን ፍጥነት ስለሚቀንስ የረዳ ይመስላል፤ ቀለሙ አንዴ ወጥቶ ከሆነ ግን ያው ጨው ነጩ ላይ ያሳርፈዋል። በድሮና በዘንድሮ ክር ክርክር አንግባ፤ ፈተናውን ሠርታችሁ ማንኛውንም ጥለት በ10 ደቂቃ ማወቅ ትችላላችሁ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ልብሴ ቀለም ነክቶታል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ ሦስት ነገሮችን ጠይቄ ነበር፤ ከሦስቱ አንዱንም አልነገርከኝም። ያለ እነርሱ የምሰጥህ መልስ ልብስህን ሊያጠፋብህ ስለሚችል አልመልስም።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ አያቴ እንዶድ ቀለምን ያስለቅቃል ትላለች። እውነት ነው?

መልስ፦ ስለ እንዶድ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። አያቶቻችን ሸማቸውን ያነጹት በእርሱ ነው፤ ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ሲርስ የሚያወጣው አረፋ ሳፖኒን ከተባለ ንጥረ ነገር የሚመጣ ሲሆን፣ የሚያነጣ ኬሚካልም ሆነ ክሎሪን ስለሌለበት በእጅ ለተፈተለ ክር ከብዙ የዱቄት ሳሙናዎች ይልቅ የሚራራ ነው ብዬ አምናለሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት፣ በቀንድ አውጣ አማካኝነት የሚተላለፈውን ቢልሃርዚያን በእንዶድ ለመከላከል የተደረገው ምርምርም የተነሣው ከዚሁ የልብስ እጥበት ነው። ለቀንድ አውጣና ለዓሣ መርዝ ስለሆነ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትድፉት።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስና፣ እንዶድ ቆሻሻንና ላብን ያስለቅቃል፣ ያልተያያዘውን የቀለም ትርፍም ከውሃው ጋር ይወስዳል፤ ክሩ ውስጥ የገባውን ቀለም ግን ሊያፈርሰው አይችልም። በእኔ ልማድ የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ዝፍዘፋዎች በተጣራ የእንዶድ ውሃ አደርጋለሁ፤ ቀጥሎ ወደ ፐርካርቦኔቱ እሄዳለሁ።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ የወጥ እርድ ነጩ ላይ ፈሶብኝ በሳሙና ሳጥበው ቀላ፤ እርሱም ቀለም ለቀቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እርድ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) የሆነ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፣ ሲለቃለቅ ይመለሳል። እርጥቡን ፀሐይ ላይ አስጪው፤ ፀሐይ የእርድን ቀለም ታጠፋዋለች። የወጥ እድፍ የእኔ ሙያ ስላልሆነ ከዚህ አልፌ አልናገርም።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)፦ ለልጄ የትምህርት ቤት የባህል ቀን ቀሚስ ሰፍቼላት፣ ወርቃማ ክር ያለበትን አረንጓዴ ጥለት ከላይ ደርቤ ሰፋሁበት። ባለቤቴ በማሽን አጥቦ በማድረቂያ ማሽን አደረቀው፤ ነጩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ሁለት ጊዜ በሳሙና ደግሜ አጥቤዋለሁ፤ ለውጥ የለውም።

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ሲጠየቅ መልስ መስጠት ይቻላል። ማድረቂያው ነገሩን አክብዶታል፤ ጥለቱ የተሰፋ መሆኑ ግን ዕድልሽ ነው። ስፌቱን ፍቺና ጥለቱን ከቀሚሱ ለዪው። ይህን የምልሽ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ወርቃማው ክር አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ በአልካላይ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ፣ ውሃውን አልካላይ የሚያደርገው ፐርካርቦኔት ወርቁን አደብዝዞ ሊያስቀረው ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥለቱ ከተለየ በኋላ ነጩን በጠንካራው መንገድ ማከም ትችያለሽ። እዚያ አገር በማሽን ለተቀላቀለ ቀለም ተብለው ከሚሸጡት ማስለቀቂያዎች ብዙዎቹ ሶዲየም ዳይቲዮናይት ያለባቸው ናቸው፤ ይህ ውሁድ ኢንዲጎን፣ ማለትም የጂንስን ሰማያዊ ቀለም፣ ውሃ ውስጥ ለማሟሟት በማቅለሚያ ገንዳ የምንጠቀምበት ነው፣ ብዙዎቹን የጥጥ ቀለሞች ከመሠረታቸው ስለሚያፈርስ የለቀቀውንና የራሱን ቀለም ለይቶ አያውቅም፣ ለዚህም ነው ጥለቱ አብሮት ካለ የማልመክረው። መስኮት ከፍተሽ፣ ጓንት አድርገሽ፣ በእሽጉ ላይ በተጻፈው መጠንና ሙቀት ተጠቀሚበት። ከፐርካርቦኔት ጋር በአንድ ውሃ አትቀላቅዪው፤ አንዱ ኦክስጅን ሰጪ፣ ሌላው ነሺ ስለሆነ ይጠፋፋሉ።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ጥቂት በረኪና ብቻ ጠብ ባደርግበትስ?

መልስ፦ ለደሴው ጠያቂ መልሻለሁ፤ ጥቂትም ብዙም ልዩነት የለውም። አሁን የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮምጣጤ በነካው ልብስ ላይ በረኪና የጨመረ ሰው የክሎሪን ጋዝ ይተነፍሳል፣ እርሱም ሳንባን ይጎዳል። እባካችሁ አታድርጉት።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ጥለቱ የተሸመነ፣ እድፉም የደረቀ ነው። ለደረቅ እጥበት ብሰጠውስ?

መልስ፦ ደረቅ እጥበት የሚጠቀምበት ፈሳሽ ውሃ ስላልሆነ ጥለቱ ይበልጥ እንዳይለቅ ይጠብቃል፤ የለቀቀውን ግን አያወጣውም። እድፉን ካስለቀቅህ በኋላ ለወደፊቱ ቢሆን እስማማለሁ።

ጥያቄ (ልብስ ሰፊ፣ ከአዳማ)፦ ከመስፋቴ በፊት ጥለቱን ቀለም መያዣ ኬሚካል ባስነካውስ? ደግሞም የለቀቀበትን ቀሚስ በዚያው ባደርገውስ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ትክክል ነው። መያዣዎቹ ቀጥተኛ ቀለምን በክሩ ላይ ስለሚያስሩት ያልተሰፋ ጥለትን በእነርሱ ማለፍ ይጠቅማል፤ ከዚያ ለብቻው እጠበው፣ ፈትነው፣ ቀጥሎ ስፋው። ሁለተኛው ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ መያዣው ጥለቱ ላይ ያለውንና ነጩ ላይ የፈሰሰውን ቀለም አይለይም፣ እድፉን እኩል ያስረዋል።

ጥያቄ (እናት፣ ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ እስካሁን አራት ውሃ ቀይሬያለሁ። አራተኛው ጥርት ያለ ነው፣ ጨርቁም ጥለቱ ላይ ስይዘው አልቀላም፤ ነጩ ግን ወገቡ አካባቢ አሁንም ቀላ ያለ ነው።

መልስ፦ ጥለትሽ ቆሟል ማለት ነው፤ አሁን ወደ ፐርካርቦኔቱ ሂጂ። መጀመሪያ በውስጥ በኩል ባለው የስፌት ትርፍ ላይ፣ ጥለቱ ባለበት ጫፍ፣ ለግማሽ ሰዓት ሞክሪው፤ ጥለቱ ካልደበዘዘ ሙሉውን ዘፍዝፊ። ወገቡ ላይ ጨርቁ በስፌት ስለተደራረበ ቀለሙ እዚያ ይዘገያል፤ እጥፋቱን በጣትሽ ከፍተሽ ውሃው እንዲገባበት አድርጊ። ስትጨርሺ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ አለቃልቂው፣ ሳትጠመዝዢው በፎጣ ጠቅልለሽ ውሃውን ምጠጪ፣ ከዚያም ጥለቱ ነጩ ላይ እንዳይተኛ ዘርግተሽ ጥላ ሥር አድርቂው።