መልስ፦ ዲዋሊ የሂንዱ ብቻ ነው?

«መሥሪያ ቤት ያሉ ህንዶች ዲዋሊ ብለው ጣፋጭ አደሉን፣ ምንድን ነው? ሂንዱ ብቻ ነው የሚያከብረው?» ላልከው፣ የህንዶች የመብራት በዓል ነው፤ የሂንዱ ብቻ ግን አይደለም። ስሙ ከጥንታዊው የህንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት የመጣ ሲሆን የመብራት ረድፍ ማለት ነው። የሚውለው ጥቅምት ውስጥ ወይም ኅዳር መጀመሪያ፣ ጨረቃ ጨርሶ በማትታይበት ሌሊት ነው። ሰሜን ህንድ ውስጥ አምላክ የሚሉት ልዑል ራማ የአጋንንቱን ንጉሥ ራቫናን ድል አድርጎ ከ14 ዓመት ስደት በኋላ ወደ ከተማው አዮድያ ሲመለስ ሕዝቡ መብራት አብርቶ የተቀበለበት ቀን ነው ይላሉ፤ ደቡብ ስትወርድ ግን ወሬው ይቀየራል፣ አምላካቸው ክሪሽና ናራካሱራ የተባለውን ጋኔን የገደለበት ነው ይሉሃል፣ ጎህ ሳይቀድ ዘይት ተቀብተው ገላቸውን ይታጠባሉ። በምሥራቅ፣ ቤንጋል ደግሞ ሌሊቱ የካሊ የምትባለው አምላክ ነው።

እኔ የምወደው ኩራዟን ነው። መዳፍ ላይ የምታርፍ የሸክላ ጎድጓዳ ነገር ናት፣ «ዲያ» ይሏታል። ዘይት ወይም ቅቤ ያፈሱባትና የጥጥ ክር ነክረው ይለኩሷታል። ቤቱ ተጠርጎ፣ ደጃፍና መስኮቱ በዲያ ይሞላል፣ የሀብት እመቤቷ ላክሽሚ እንድትገባ። የጉጃራት ነጋዴዎችማ አዲስ የሂሳብ መዝገብ የሚከፍቱት ያኔ ነው። (ርችቱ ግን በዛ፣ ዴልሂ በጭስ ትታፈናለች።)

ሂንዱ ያልሆኑትም ያከብሩታል፤ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች መሪያቸው ጉሩ ሃርጎቢንድ ከጓልዮር ምሽግ እስር 52 መሳፍንት ይዞ የወጣበትን ያስባሉ፣ የጃይን ሃይማኖት ተከታዮች ደግሞ የታላቁን መምህራቸውን የማሃቪራን ከዚህ ዓለም ማረፍ። ጣፋጭ ሲያድሉህ «ሹብ ዲዋሊ» (መልካም ዲዋሊ) በላቸው፣ ደስ ይላቸዋል።