ለቀሪውም ስም አውጡለት

ልጆቼ፣

ባለፈው ጥምቀት ደብረ ማርቆስ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ሳለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። የባሕረ ሐሳብን (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር) ስሌት በፓይተን፣ በፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ፣ ሞክሮ ለ2018 ትክክል ሲመጣለት ለ2017 እምቢ ብሎታል። ኮዱን ሳየው ለቁጥሮቹ የሰጣቸው ስሞች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብቻ ናቸው። «ቢ ምንድን ነው ልጄ?» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ረሳሁት፣ ጋሼ» አለኝ። ከጻፈው ገና ሦስት ቀኑ ነበር።

የአብነት መምህራን አንዲትም ቀሪ ያለ ስም አያልፉም። 5500 ላይ 2018 ሲጨመር 7518 ይሆናል፤ ዓመተ ዓለም ይሉታል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስለት 12፣ ወንበር ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ ነው፤ እርሱም 12። ወንበር በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 18 ደግሞ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሙላት አለባቸው።

ልጁ በ19 ያባዛው ወንበርን ሳይሆን አበቅቴን ነበር። በ2018 ሁለቱም 12 ስለሆኑ ስህተቱ ተሸፈነ። በ2017 ግን ወንበር 11፣ አበቅቴ 1 ነው፤ 1 በ19 ተባዝቶ መጥቅዕ 19 ስለወጣለት የሁለቱ ድምር 30 መሆኑ ቀርቶ 20 ሆኖ ቁጭ አለ። «ዲ ማለት ሲ በ19» የሚለውን መስመር ደጋግማችሁ ብታነቡት ምንም አይነግራችሁም። «መጥቅዕ ማለት አበቅቴ በ19» ቢል ኖሮ ግን ባሕረ ሐሳብ የቀመሰ የቆሎ ተማሪ ገና ሲሰማው ያርመው ነበር። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ በቅኔ ወርቁን በሰም መሸፈን ያስመሰግናል። በኮድ ግን ወርቁ ፊት ለፊት ይውጣ። ስሙ ረዘመ ብላችሁም አትሳቀቁ።

ፓይተን 3 በአማርኛ የተጻፈ የተለዋዋጭ (በኮድ ውስጥ ቁጥሩን የሚይዘው) ስም ይቀበላል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ «ዓመት» እና «አመት» ለእኛ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ሁለት ስሞች ናቸው። አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ጽኑበት።

አሁን መልመጃ ልስጣችሁ። ዓመተ ዓለም ለ4 ተካፍሎ 1 ቢተርፍ ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ይህን ጻፉና ለጓደኛችሁ ስጡት፤ እናንተ ሳትናገሩ አጠገቡ ተቀመጡ። «ይህ ምንድን ነው?» ያለውን ስም ሁሉ ለውጡ።